ልጄ «ግሪፈን የሚባለው ሮለር ኮስተር ላይ አብረን እንውጣ» ትለኛለች፤ እኔ ግን እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የበኩሯ አባት — ሐምሌ 12

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው፤ ዕድሜዬ 46 ሲሆን የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ ዊሊያምስበርግ ወደሚገኘው የመዝናኛ ፓርክ፣ ቡሽ ጋርደንስ ለመሄድ ቀን ቆርጠዋል። ዓርብን የመረጡት ቅዳሜና እሁድ ሰልፉ ስለሚረዝም ነው፤ ወላጆችም አብረን እንሄዳለን።

አምና ከልጄ ጋር ሎክ ነስ ሞንስተር ላይ ወጥቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው፣ ሁለት ቀለበቶቹ እንደ ሰንሰለት ዘለላ የተጠላለፉት ቢጫው ሮለር ኮስተር ማለቴ ነው። ስወርድ ጉልበቴ እየተብረከረከ ቢሆንም «ድጋሚ እንሂድ» ያልኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ሌላው ኮስተር ቨርቦልተን ላይም፣ ጨለማው ውስጥ ሀዲዱ ከነባቡሩ ድንገት ቁልቁል ሲወርድ ጮኽኩ እንጂ አልጠላሁትም።

ዘንድሮ ግን ልጄ ቁመቷ ስለደረሰላት ዓይኗን የጣለችው ግሪፈን ላይ ነው። ግሪፈን ሰዎቹን 62 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣና፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፊታቸውን ወደ መሬት አስደፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ያቆማቸዋል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አምና ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳይ፣ በአንድ ረድፍ የተደረደረው የ10 ሰው እግር ገመድ ላይ እንደተሰጣ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። «አልወጣም» ብል ልጄን በጓደኞቿ ፊት የማሳፍራት ይመስለኛል፤ «እሺ» ብዬ ብወጣ ደግሞ ሰንሰለቱ መሳብ ከጀመረ በኋላ አውርዱኝ ማለት አይቻልም። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


ሀዲድ ወዳድ — ሐምሌ 12

የተከበሩ ወንድሜ፣ ጽሑፍዎ የዛሬ 9 ዓመት የነበርኩበትን ሁኔታ አስታወሰኝ። አሁን ግሪፈን ላይ የወጣሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ግን ሰልፉን ሙሉ ተሰልፌ ከበሩ ላይ ተመልሻለሁ። ስለዚህ «ምንም አይደለም፣ ዝም ብለው ይውጡ» የሚል ምክር ከእኔ አይጠብቁ።

ከሁሉ በፊት የሚፈሩት የትኛውን እንደሆነ ለይተው ቢነግሩን መልካም ነው። ሰው «ሮለር ኮስተር እፈራለሁ» ሲል አንድ ነገር የሚፈራ ይመስለዋል እንጂ፣ አንዱ ከፍታውን፣ ሌላው ቁልቁል ሲወርድ ሆድ ዕቃው ወደ ደረቱ የሚወጣ የሚመስለውን ስሜት፣ ሌላው መገልበጡን፣ ሌላው ደግሞ ትከሻው ተይዞ መነሣት አለመቻሉን ነው የሚፈራው። እርስዎ ሎክ ነስ ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጠው «ድጋሚ» ካሉ፣ መገልበጡ ችግርዎ እንዳልሆነ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ።

ይህን የምጠይቅዎ በዚያው ፓርክ ውስጥ በቁጥር መንትያ የሚመስሉ፣ በስሜት ግን የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁ ሁለት ኮስተሮች ስላሉ ነው። አፖሎስ ቻሪየት እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ ሲሆን ትልቁ ቁልቁለቱ 64 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ነው። ግሪፈን በ2007 ተከፈተ፤ ቁመቱ 62 ሜትር ተኩል፣ ፍጥነቱ 114 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱንም የሠራው ቦሊገር ኤንድ ማቢላርድ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው አንዱን የቻለ ሌላውንም ይችላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አፖሎስ ቻሪየት ላይ አንድም መገልበጥ የለም። ትከሻን የሚይዝ ነገርም የለም፤ የሚይዝዎ ጭንዎ ላይ የሚያርፈው መያዣ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ኮረብታ ይመጣል፣ እንደገና ኮረብታ፣ እንደገና ኮረብታ፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ ባቡሩ ወደ ታች ሲታጠፍ ሰውነትዎ ገና ወደ ላይ መሄዱን ስላላቆመ ከመቀመጫዎ ብድግ ይላሉ። ሆድ የሚያላውሰው ስሜት ከዚህ የሚመጣ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ይመጣል። (እንደ ጨዋታ ይያዝልኝና፣ በመክፈቻው ዕለት ፋቢዮ የተባለው ሞዴል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲወርድ ዝይ አፍንጫውን መትታው ደም በደም ሆኖ ተመልሷል። ወፍ የሚፈራ ሰው ካለ ከኋላ ይቀመጥ።)

ግሪፈን የዚህ ተቃራኒ ነው። አስፈሪነቱ በሙሉ ተሰብስቦ ጫፉ ላይ ይጠብቅዎታል። ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በዝግታ ይዞራሉ፣ አፋፉ ላይ ይደፋሉ፣ ይቆማሉ። ሲለቀቅ በ90 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሁለተኛውን ቁልቁለትና ሁለቱን ትልልቅ መገለባበጦች ጨምሮ፣ ምቹ አልጋ ላይ የመንከባለል ያህል ለስላሳ ነው። መጨረሻው አጠገብ ውሃ ይረጫል፤ የሚረጥቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ ሥር ቆመው የሚያዩት ናቸው።

ስለዚህ የሚፈሩት ሆድዎን ከሆነ ከግሪፈን ይልቅ አፖሎስ ቻሪየት ይከብድዎታል። የሚፈሩት ያንን መቆም ከሆነ ደግሞ አፖሎስ ላይ 10 ጊዜ ቢወጡም ለግሪፈን አያዘጋጅዎትም። የትኛው ነው?


የሦስት ልጆች እናት — ሐምሌ 13

ከላይ የተጻፈው ትምህርት የሚሰጥ ቢሆንም ከጥያቄው ግማሹን የዘለለ ይመስለኛል። ወንድማችን የጠየቁት እንዴት ልውጣ ብቻ ሳይሆን ልውጣ ወይስ ልተው የሚለውንም ነው።

እኔ የአክስቴ ልጆች አንድ ፓርክ ውስጥ «ሐበሻ አያስፈራውም» እያሉ አሳፍረውኝ ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ላይ ወጥቻለሁ። አቀበቱን ስንወጣ እያለቀስኩ ነበር። ቁልቁል ስንወርድ እንዳላይ ብዬ አንገቴን ቀብሬ ስለነበር፣ ባቡሩ ሲታጠፍ ጭንቅላቴ ወደ ጎን ተወርውሮ ለአንድ ሳምንት አንገቴን ማዞር አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ይኸው 11 ዓመት ሆነኝ፤ የልጆቹ ባቡር ላይ እንኳ አልወጣም። በጊዜው እምቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት በራሴ ፈቃድ እሞክረው ነበር። «ፈሪ ለእናቱ» ሲባል ስድብ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ሦስት ልጆች ያሉኝ እናት ስለሆንኩ አባባሉ ደስ ይለኛል።

ልጅዎን ቁጭ አድርገው ይጠይቋት። የምትፈልገው አባቷን ነው ወይስ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው? የሁለቱ መልስ አንድ አይደለም።


ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ — ሐምሌ 13

ስለ ድፍረቱ ሌሎቹ ይናገሩ፤ እኔ ስለ አካሉ ጥቂት ልጨምር። ጉዞው ፍልሰታ ውስጥ ዓርብ ቀን ነው ብለዋል። ይህ ማለት ልጆቹም ወላጆቹም እህልና ውሃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ በነሐሴ የቨርጂኒያ ወበቅ ሥር ሲራመዱና ሲሰለፉ ይውላሉ ማለት ነው። ውሃ ያነሰው ሰውነት ከተቀመጠበት ሲነሣ እንኳ የደም ግፊቱ ቶሎ አይስተካከልለትም። በፍጥነት የሚታጠፍ ባቡር ደግሞ ደምን ከጭንቅላት ወደ እግር ይገፋል፤ የጾመና የተጠማ ሰው ዓይኑ ቢጨልምበት ወይም ራሱን ቢስት የፍርሃት ጉዳይ አይደለም። ስለ ጾሙ እኔ የምወስነው ነገር የለም፤ የንስሐ አባት አለና። ግን ወይ ቀኑ ይለወጥ፣ ወይ ትልልቆቹ ኮስተሮች ከሰዓት በኋላ ተበልቶና ተጠጥቶ ይሁኑ።

እርስዎን በተመለከተ፣ 46 ዓመት ማለት የደም ግፊትን ሳይለኩ መቀመጥ የማይገባበት ዕድሜ ነው። በየኮስተሩ መግቢያ የተሰቀለው ሰሌዳ የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የጀርባ ወይም የአንገት ችግር ያለበት፣ በቅርቡ ኦፕሬሽን ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አይውጡ የሚለው ለወግ ያህል አይደለም። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት የማቅለሽለሽ ክኒኖች አብዛኞቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ማታ በአይ-95 አውራ ጎዳና ላይ መኪና የሚነዱት እርስዎ ከሆኑ ይህን ያስቡበት።

እህታችን አንገታቸውን ያመማቸው ስለምን እንደሆነ በትክክል ገልጸውታል። ጭንቅላት ከመደገፊያው ጋር ተለጥፎ፣ ዓይን ወደ ፊት እያየ ሲሆን አንገት በቀላሉ አይጎዳም። መደበቅ ነው የሚጎዳው።


የበኩሯ አባት — ሐምሌ 14

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደም ግፊቴን ትናንት ፋርማሲ ውስጥ ለክቼ ደህና ነው። የቀኑንም ነገር ለአስተባባሪዎቹ ነግሬ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል፤ ቅዳሜ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ ስለማይጾም ሁሉም ተስማምተዋል፤ ሰልፉን እንግዲህ እንችለዋለን።

የተጠየቅኩትን ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ሥራዬ ሕንፃ ላይ ነው፤ 14ኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስገጥም ውዬ ከፍታው ትዝ አይለኝም። ሆዴም ቢላወስ ያስቀኛል እንጂ አያስጨንቀኝም። የምፈራው ያንኑ መቆሙን ነው። ልጅ ሆኜ መርፌ ሲወጉኝ መርፌው ሳይሆን ሐኪሙ አልኮል በጥጥ የሚቀባበት ጊዜ ነበር የሚያስለቅሰኝ። ግሪፈን አልኮሉን ቀብቶ ወደ ሌላ ታካሚ የሚዞር ሐኪም መሰለኝ።

ልጄንም ጠየቅኋት። «አንተ ካልመጣህ ከጓደኛዬ ጋር እወጣለሁ፣ ግን ብትመጣ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ይህ መልስ እንዳቀለለልኝ ወይም እንዳከበደብኝ ገና አልለየሁም።


በአቡዳቢ ነዋሪ — ሐምሌ 15

እንደ እርስዎ መጠበቅ ለሚያስጨንቀው ሰው ሌላ መንገድ አለ። እኔ በያስ ደሴት ያለው ፌራሪ ወርልድ ውስጥ ፎርሙላ ሮሳ ላይ ወጥቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት የዓለም ፈጣኑ ሮለር ኮስተር ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም የቀደመው አልነበረም። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስም 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። አሸዋና ትንኝ ዓይን እንዳይመታ የመከላከያ መነጽር አስቀድመው ያድላሉ፤ እውነቱን ለመናገር የኔ ፍርሃት ያንን መነጽር ስቀበል ጀምሮ ባቡሩ ሲነሣ አለቀ። ምክንያቱም በሰንሰለት እየተንቀረፈፉ መውጣት የለበትም፤ ተወንጭፎ ይሄዳል። ሰው ለመፍራት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እዚያ ቨርጂኒያ ውስጥም እንዲህ የሚወነጨፍ ነገር ካለ ከግሪፈን በፊት እሱን ይሞክሩ።


ሀዲድ ወዳድ — ሐምሌ 15

የአቡዳቢዋ እህታችን ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም እዚህ ስናመጣው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡሽ ጋርደንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ፓንቴዎን ይወነጨፋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ነው የሚወነጨፈው፤ ከእነዚህም አንዱ ወደ ኋላ ነው። ፍጥነቱም 117 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። «ከግሪፈን በፊት» ተብሎ የሚሞከር አይደለም፤ በእኔ ግምት የፓርኩ ኃይለኛው እሱ ነው። ዶስዌል ወደሚገኘው ሌላ ፓርክ፣ ወደ ኪንግስ ዶሚኒየን ሄደው ፓንቴሪያን ላይ ይውጡ የሚልዎ ሰው ካለም አይስሙት። ያ 305 ጫማ ከፍታ ያለው፣ በ2010 ሲከፈት የመጀመሪያው መታጠፊያው ሰዎችን ራስ እያሳተ በማስቸገሩ በዓመቱ ሀዲዱን አሰፍተው የሠሩት ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው እዚያ መታጠፊያ ላይ ዓይኑ ይጨልምበታል።

አሁን የፍርሃትዎን ስም ስላወቅን ወደ መቆሙ እንመለስ። ግሪፈን ሦስት ረድፍ ብቻ ነው ያለው፤ በእያንዳንዱ 10 ሰው ይቀመጣል። የፊተኛው ረድፍ አፋፉን ሙሉ በሙሉ አልፎ ነው የሚደፋው፤ ከፊቱ ምንም ነገር የለም። የኋለኛው ረድፍ ባቡሩ ሲቆም ገና ያን ያህል አልተደፋም፤ ሲለቀቅ ግን የፊተኞቹ ስለሚጎትቱት አወራረዱ ድንገተኛ ነው። የመካከለኛው ከሁለቱም የዋህ ነው። ከ10ሩ መቀመጫዎች ደግሞ ጠርዞቹ ከሀዲዱ ወጣ ብለው ከሥራቸው አየር ብቻ ስላለ፣ መካከል ላይ ያሉትን አራቱን ይምረጡ፤ እዚያ ከእግርዎ በታች ቢያንስ ሀዲድ ይታይዎታል። አስተናጋጆቹን በትሕትና ከጠየቋቸው ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ።

ባቡሩ ሲቆም ደግሞ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ያስወጡት። ድምፅ አውጥተው መቁጠርም ይረዳል። አራት ላይ ሳይደርሱ መሄዱ አይቀርም።


ዝም ያለ ታዛቢ — ሐምሌ 16

እስካሁን ሳነብ ነበር፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። ባቡሩ እዚያ አናት ላይ እንዳለ ቢበላሽስ? ወይም ጎማው ከሀዲዱ ቢወጣስ? ይህን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል።


ሀዲድ ወዳድ — ሐምሌ 16

ተገቢ ጥያቄ ነው። የኮስተር ጎማ እንደ መኪና ጎማ ሀዲዱ ላይ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ክብደት የሚሸከመው ከላይ፣ ሌላው በጎን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሀዲዱ ሥር ሆኖ ሦስቱ ሀዲዱን እንደ መዳፍ ጨብጠውታል። ከሥር የሚገባውን ጎማ ጆን ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ ባቡሩ ኮረብታ ላይ ተነሥቶ እንዳይበር የሚይዘው እሱ ነው።

አቀበቱን ሲወጡ የሚሰማው «ቋ ቋ ቋ» የሚል ድምፅም ብዙ ሰው ነርቩን የሚነካው ነው፤ የሚገርመው ግን ያ ድምፅ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ምላስ በየጥርሱ ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሀዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ሲሆን አንዱ ባቡር ከክፍሉ ሳይወጣ ሌላው እንዲገባ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም። አንድ ዳሳሽ የተጠራጠረው ነገር ካለ ባቡሩን አቀበቱ ላይ ያቆመዋል፤ ሰዎቹም በጎን ባለው ደረጃ ታጅበው ይወርዳሉ። በቴሌቪዥን «ተሳፋሪዎች አየር ላይ ታገቱ» እየተባለ የሚዘገበው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ደስ አይልም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የተሠራለትን ሥራ ሠራ ማለት ነው።


የበኩሯ አባት — ነሐሴ 4

ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልንገራችሁ።

ጠዋት ሎክ ነስ ላይ ወጣን፤ እንደ ድሮ ወዳጅ ተቀበለኝ። ከምሳ በፊት አፖሎስ ቻሪየት ላይ ወጣሁ፤ ይህን ከዚህ ቀደም አላደርገውም ነበር። ሀዲድ ወዳድ እንዳሉት ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ኮረብታ ላይ ከልጄ ጋር በአንድ ድምፅ እንስቅ ነበር። ነጠላዋን ያልተወች አንዲት እናት ግን አስተናጋጁ «እቃ ማስቀመጫው ውስጥ አድርጊ» ሲላት ተሟግታ ተሟግታ በመጨረሻ ሳትወጣ ቀረች።

ከዚያ ግሪፈን። 50 ደቂቃ ተሰለፍን። ሰልፉ ውስጥ ደህና ነበርኩ፤ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራኝ ነበር። የአሳፋሪው በር ሲከፈት ከመካከለኛው ረድፍ አራተኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄ ከቀኜ፣ ጓደኛዋ ከእሷ ቀጥላ። የትከሻውን መያዣ ወደ ደረቴ ሳወርደው፣ ከእግሬ በታች ያለው ወለል ሳይከፈት በፊት፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እሷም አየችው። «አባዬ፣ አሁንም መውረድ ይቻላል» አለችኝ፤ በጆሮዬ፣ ጓደኛዋ እንዳትሰማ። አስተናጋጁን እጄን አንሥቼ ጠራሁት፤ መያዣውን ከፈተልኝ፤ በወዲያኛው ጎን ባለው መውጫ በኩል ወረድኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ቦታዬን ከኋላ የነበረ አንድ ወጣት ወዲያው ያዘው።

ከሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው። አናቱ ላይ ሲደርሱና ሲቆሙ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከዚያ የተመከርኩትን አስታውሼ ቆጠርኩ። ሦስት ላይ ተለቀቁ። በመውጫው በር ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» የሚል ነው። እንደገና ተሰለፉ፤ በሁለተኛው ዙር ከፍታውን አየሁት አለች።

በመስከረም ቅዳሜና እሁድ ላይ ፓርኩ ክፍት ነው፤ ሁለታችን ብቻ ልንሄድ ተነጋግረናል። የዚያን ጊዜ በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን መቀመጫው ላይም ደርሼ ስለነበር፣ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በመስከረም ሰልፉ የሚያጥረው በስንት ሰዓት ነው? 50 ደቂቃውን ባልቆም እመርጣለሁ።


የሦስት ልጆች እናት — ነሐሴ 4

«አሁንም መውረድ ይቻላል» ያለችውን ልጅ ሳሙልኝ።


ሀዲድ ወዳድ — ነሐሴ 5

በሩ እንደተከፈተ፤ ሌላው ሰው ፊት ለፊት ያገኘው ኮስተር ላይ ሲሰለፍ እርስዎ ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ ግሪፈን ይሂዱ። ያ ካልሆነ ደግሞ ከመዘጊያው በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ይሞክሩ። መካከለኛውን ረድፍ አይርሱ።